ወፍራሙ ወረቀት

መስኮቱን ስከፍት፣ ነፋስ ገብቶ ወረቀቴን ይበትንብኛል፤
መስኮቱን ስዘጋ፣ የአዳማ ሙቀት ሙጫዬን ያደርቅብኛል።
እናም ሁለት ጣት ገርበብ አድርጌ፣
የሚጫን የሚጫን ከጓዳ ፈልጌ፣
ካርቶኑን በዘነዘና፣ ቅጠሉን በጨው ዕቃ፣
የኪያ ጠጠር ለጽጌረዳዬ ቆሞላት ጠበቃ፣
ሥራ ጀመርኩ።

ሙጫዬ ዱቄት ነው። ስንዴ ሁለት ማንኪያ፣ ውሃ በዝግታ፣
ሲንተከተክ ደግሞ የሎሚ ጠብታ፤
ይህን ያስተማረን አባታችን ነው፣
የሲኒማ ማስታወቂያ በየግንቡ ሲለጥፍ የኖረው።
«ሎሚ የሌለው ሙጫ ለበረሮ እራት ነው» ይል ነበር።
እውነቱን ነው። አምና ረስቼ፣
የአንዲት ሙሽራ የሰርግ ጥሪ ጠረጴዛ ላይ አድሮ
ጠዋት ከነባሏ ስም ተበልቶ አገኘሁት።

ወረቀቴም ቢሆን ከሱቅ አልመጣም።
የሲሚንቶ ከረጢት ሦስት ልብስ ይለብሳል፣ የመሃሉ አቧራ አያውቅም።
የዱቄት ፋብሪካ የአምና ካላንደር፣
ከጀማል ኪዮስክ የሲጋራ ፓኮ ብር፣
የኪያ ደብተር ሽፋን፣ የሻይ ቅጠል ካርቶን፣
ለልደት፣ ለምርቃት፣ ከዚህ በላይ ምን?

ዛሬ ግን ለአራስ ነው። ለትርንጎ። ለእህቴ።
ማክሰኞ ሴት ልጅ መገላገሏን የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው፣
መልስ እየቆጠረ፣ የማውቅ መስሎት።
ከፖስታ ቤት ገንደ ጋራ በባጃጅ ስምንት ደቂቃ ነው፤
እኛ ሦስት ዓመት ተጉዘን አልደረስን፣
በሁለት ክፍል ቤትና በአንድ ዘይቱን ዛፍ ተይዘን።

የሲሚንቶ ወረቀት ለአራስ እጅ ይሻክራል።
ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ከአንሶላው ሥር አንድ አለ፣
ነጭ፣ ወፍራም፣ በቤቱ ካለው ወረቀት ሁሉ የተሻለ፤
ከፍርድ ቤቱ በር፣ ጃንጥላ ሥር፣ በየገጹ ከፍዬ ያስጻፍኩት፣
ሐምራዊ ማኅተም ያረፈበት።
ከሳሽ፦ እኔ።
ተከሳሽ፦ ትርንጎ ደበሌ።

መቀስ አያነብም።
ዳኛው የቆረጠውን ቀጠሮ እኔም ደግሜ ቆረጥኩት፤
ማኅተሙን ዙሪያውን ለቅሜ አበባ አወጣሁት፤
ሦስት ምስክር ቆጥሬ ነበር፣ ሦስቱም ቅጠል ሆኑ።
«ተከሳሽ» የሚለውን ከፊቷ አንስቼ ስሟን ብቻ አስቀረሁ።
ትርንጎ።
እንዲህ አጭር መሆኑን ረስቼው ነበር።

ቢጫ ቀለም ባለቀብን እንቁጣጣሽ፣ ፀሐይን በአረንጓዴ ቀብታ፣
«ገና አልበሰለችም» ብላ ለጎረቤት ሸጠች፣
ተከራክራ፣ አስር ሳንቲም አስጨምራ፣ ረትታ።

ከካላንደሩ ደግሞ ለሕፃኗ አራት ወፍ አጥፌ በክር አንጠለጠልኩ።
አንዷ ክንፏ ላይ ጳጉሜን ወጥቶባታል፤
ተውኳት። አምስት ቀን ብቻ ናት፣ ቀላል፣
ቀድማ ትበር ይሆናል።

ውስጡ ላይ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ ጻፍኩ።
ሌላ ቃል እጄ እምቢ አለ።
ብርሃን ላይ ለያዘው፣ የክሱ ፊደል በግልባጩ ይታያል፤
ሌላ ወረቀት መደረብ እችል ነበር። አልደረብኩም።

ኪያ ይዞት ወጣ።
ጠረጴዛው ላይ አንዲት ቁራጭ ቀረች፣ «ከሳሽ» የምትል።
ዘነዘናውንም፣ ጠጠሩንም ነፈግኳት፤
መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩ።
የአዳማ ነፋስ ሥራውን ያውቃል።
ጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ሁለቴ ተገለባበጠች፣
ከዚያ አላየኋትም።

ማታ ልጁ ተመለሰ።
«ምን አለች?»
«አገላብጣ አየችው» አለኝ፣ የጫማውን ክር እየፈታ፣
«ብዙ ቆየች።
ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችውና
‹ሎሚ ጨምራበታለች?› ብላ ጠየቀችኝ።»